ዓሣም ይታፈናል

ለአዲስ አንባቢያን በሬዲዮ የቀረበ ንግግር

ከእርሻ የገባችሁ፣ ከገበያ የተመለሳችሁ፣ አረፍ በሉ። ሬዲዮኑን ጠጋ አድርጉት። ይህ ንግግር ታትሞ የደረሳችሁ ደግሞ ጣታችሁን ከመጀመሪያው መስመር ሥር አኑሩና ተከተሉኝ። ብፈጥንባችሁ አትደንግጡ። ድምፄ ያልፋል፤ ወረቀቱ ግን እቤታችሁ ይቀራል። ነገ ፊደሉን እየለያችሁ ትደግሙታላችሁ።

ዛሬ የምናወራው ስለ ዓሣ ነው። ዓሣ እንዴት ይተነፍሳል? እንዴት ይዋኛል? ውሃው ሲሞቅ፣ ሲደፈርስ፣ ሲመረዝ ምን ይሆናል? «ዓሣ ለእኔ ምኔ ነው? እኔ ያለሁት ደጋ ነው» የሚል፣ ከጎንደር ከተማ በላይ በመገጭ ራስ የሚያርስ ሰው ቢኖር ትንሽ ይታገሠኝ። ነገሩ እርሱም ማሳ ድረስ ይሄዳል።

ነገሩ የተነሣው እንዲህ ነው። ከደምቢያ ጎልማሶች ጋር ንባብ እንለማመድ ነበር። በሰሌዳው ላይ «ዓሣ በውሃ ውስጥ ይኖራል» ብዬ ጻፍሁ። ሁሉም በአንድ ድምፅ አነበቡት። ደስ አለኝ። ከኋላ የተቀመጡ አንድ አባት ግን እጃቸውን አነሡ። ዕድሜያቸውን በመገጭ አፍና በጎርጎራ ዳርቻ ዓሣ ሲያጠምዱ የኖሩ ሰው ናቸው።

«መምህር» አሉኝ፤ «ይኸ ዐረፍተ ነገር ጎደሎ ነው።»

«ምን ጎደለው፣ አባቴ?»

«ዓሣ በውሃ ውስጥ ይኖራል ይላል። በውሃ ውስጥ እንደሚሞትስ የት ተጻፈ? እኔ ውሃው ሞልቶ ሳለ ዓሣ አፉን ከፍቶ ሲሞት በዐይኔ አይቻለሁ።»

ክፍሉ ሳቀ። እኔ ግን መልስ አጣሁና ዝም አልሁ። በኋላ መጽሐፍ አገላበጥሁ፣ የሚያውቁ ሰዎችን ጠየቅሁ። እኒያ አባት ልክ ናቸው። ዓሣ ውሃ ውስጥ እያለ ይታፈናል። እንዴት እንደሚታፈን ለመረዳት መጀመሪያ አንድ አዲስ ቃል እንማር።

ቃሉ «ስንጥብ» ነው። ስ፣ ን፣ ጥ፣ ብ። አራት ፊደል ነው። ስንጥብ ማለት የዓሣ መተንፈሻ ነው። በዓሣው ራስ ግራና ቀኝ እንደ መዝጊያ የሚከፈትና የሚዘጋ ነገር አለ። እሱን ገለጥ ስታደርጉ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተደረደረ ቀይ ነገር ታያላችሁ። ስንጥብ እሱ ነው። የቀላው ደም ስለ ሞላበት ነው። ዓሣ መግዛት የሚያውቁ እናቶች አስቀድመው የሚያዩት ይህንን ነው። ቀይ ከሆነ ይገዛሉ፤ ከጠቆረ ትተውት ይሄዳሉ።

እኛ አየር ስበን በሳንባችን እንተነፍሳለን። ከአየሩ ውስጥ የምንፈልገው ኦክሲጅን የሚባለውን ነው። አየሩ መቶ እጅ ቢሆን 21 እጁ ኦክሲጅን ነው። ዓሣም የሚፈልገው ይህንኑ ኦክሲጅን ነው። ልዩነቱ፣ እሱ የሚያገኘው ውሃ ውስጥ ከሟሟው ነው፤ ጨው በውሃ እንደሚሟሟ ሁሉ አየርም በውሃ ይሟሟል። ዓሣው ውሃውን በአፉ ያስገባል፣ በስንጥቡ በኩል ያስወጣል። ውሃው በስንጥቡ መካከል ሲያልፍ ደሙ ኦክሲጅኑን ይወስዳል።

እዚህ ላይ የሚያስደንቀው ምን መሰላችሁ? በስንጥቡ ውስጥ ውሃውና ደሙ የሚሄዱት ፊትና ኋላ ሆነው ነው። ውሃው ወደዚህ ሲመጣ ደሙ ወደዚያ ይሄዳል። በዚህ ዘዴ ደሙ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ከራሱ የበለጠ ኦክሲጅን ካለው ውሃ ጋር ይገናኛል። ስለዚህ ብዙ ዓሦች በውሃው ውስጥ ካለው ኦክሲጅን ከግማሽ በላዩን ይወስዳሉ። የእኛ ሳንባ በአንድ ትንፋሽ ከሳበው ኦክሲጅን የሚወስደው ሩቡን ያህል ነው። ሌላውን መልሰን እንተነፍሰዋለን።

ዓሣ ይህን ያህል ቆጣቢ የሆነው ወዶ አይደለም። ድኻ ስለ ሆነ ነው። አንድ ሊትር አየር ወስደን ብንመዝን በባሕር ጠለል ላይ 280 ሚሊግራም ያህል ኦክሲጅን ይገኝበታል። አንድ ሊትር ውሃ ግን ሙቀቱ 20 ዲግሪ ሲሆን መያዝ የሚችለው 9 ሚሊግራም ያህል ብቻ ነው። ይህም ባሕር ጠለል ላይ ነው። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ ከፍ ያለ ነው። ከፍ ባለ አገር አየሩ ይሳሳል፤ ሊማሊሞን ሸክም ይዞ የወጣ ሰው ያውቀዋል። አየሩ ሲሳሳ ውሃው የሚይዘውም ይቀንሳል። ስለዚህ የጣና ዓሣ የሚያገኘው በአንድ ሊትር 7 ሚሊግራም ያህል ነው። ይኸውም ውሃው ንጹሕ ሲሆን ነው።

አሁን ወደ ሙቀት እንምጣ። እቤታችሁ ውሃ ጣዱ። ገና ሳይፈላ በድስቱ ውስጠኛ ጎን ላይ ጥቃቅን አረፋ ሲለጠፍ ታያላችሁ። ያ አረፋ አየር ነው። ውሃው ሲሞቅ የያዘውን አየር ይለቃል። ቀዝቃዛ ውሃ ብዙ አየር ይይዛል፤ ሙቅ ውሃ ጥቂት ይይዛል። ቅድም በ20 ዲግሪ 9 ሚሊግራም ያልነው፣ ውሃው 30 ዲግሪ ሲደርስ ወደ 7 ተኩል ይወርዳል።

የዓሣው ሰውነት ግን የሚሄደው በተቃራኒው ነው። የሰው ሰውነት ውርጭ ቢሆን ሐሩር 37 ዲግሪ ገደማ ነው። ዓሣ እንደዚያ አይደለም። ውሃው ሲቀዘቅዝ ሰውነቱ ይቀዘቅዛል፤ ውሃው ሲሞቅ ሰውነቱ ይሞቃል። ውሃው 10 ዲግሪ ያህል ሲጨምር የሰውነቱ ሥራ እጥፍ ገደማ ይሆናል። ልቡ ይፈጥናል፣ ምግቡ ቶሎ ይፈጫል፣ የሚፈልገው ኦክሲጅንም ይጨምራል። ተመልከቱ እንግዲህ። ገቢው በሚቀንስበት ሰዓት ወጪው ይጨምራል። እንዲህ ያለ ቤት እንዴት እንደሚሆን እናንተ ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ።

ሙሉ ጣና ትልቅ ነው፤ ነፋስ ያማታዋል። ጥልቀቱም ቢበዛ 14 ሜትር ያህል ስለ ሆነ ከላይ እስከ ታች ይቀላቀላል። ስለዚህ በሐይቁ መካከል ያለ ዓሣ ብዙ አይቸገርም። ችግሩ የሚከፋው በዳርቻው ረግቶ በቀረ ውሃ፣ በበጋም መገጭና ርብ በሚሳሱበት ጊዜ በኩሬ ላይ ነው። በውሃ መሳቢያ ሞተር ወንዙን ለመስኖ ስንስበው የሚቀረው ኩሬ ትንሽና ሙቅ ይሆናል። ከክረምት ተፈልፍለው ወደ ሐይቁ ገና ያልወረዱ የዓሣ ጫጩቶች እዚያ ውስጥ አሉ። ሽንኩርት ማጠጣት አይገባም ማለቴ አይደለም፤ እኔም ሽንኩርት በላተኛ ነኝ። ኩሬውን እስከ ጭቃው መምጠጥ ግን ሌላ ነገር ነው።

ትንፋሹ ይህ ነው። ዋናውስ? ብዙ ሰው ዓሣ በክንፉ እየቀዘፈ የሚሄድ ይመስለዋል። ክንፎቹ የሚያገለግሉት በአብዛኛው ለመታጠፍ፣ ለመቆምና ሚዛን ለመጠበቅ ነው። የሚገፋው ሰውነቱ ነው። ከወገቡ እስከ ጭራው ግራና ቀኝ እየታጠፈ ውሃውን ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ ውሃው እሱን ወደ ፊት ይገፋዋል። የደንገል ታንኳ የሚገፋ ሰው ዘንጉን ወደ ኋላ ሲተክል ታንኳው ወደ ፊት እንደሚሄደው ማለት ነው። በሆዱ ውስጥ የአየር ከረጢት አለው፤ እሱም እንዳይሰጥም ይረዳዋል። ከጎኑ ከራሱ እስከ ጭራው የተዘረጋ ቀጭን መስመር አለ። በእሱ የውሃውን እንቅስቃሴ ይሰማል። ዓሣ በጨለማና በደፈረሰ ውሃ ውስጥ ድንጋይ ሳይመታው የሚሄደው በዚያ ነው።

ውሃ ከአየር ከ800 ጊዜ በላይ ይከብዳል። እስኪ በጎርፍ ውስጥ ወንዝ የተሻገራችሁ ሰዎች አስታውሱ። ወደ ጉልበት የደረሰ ውሃ ሰው ይጥላል። ዓሣ ያንን ውሃ ፊት ለፊት እየገፋ ነው ሽቅብ የሚወጣው። በምን ጉልበት?

ዶሮ ስትገነጣጥሉ የደረቷ ሥጋ ነጭ፣ የእግሯ ሥጋ ቀላ ያለ አይደለም? ዓሣም ሁለት ዓይነት ሥጋ አለው። አብዛኛው ነጭ ነው። ከቆዳው ሥር በጎኑ በኩል ግን ቀጭን ቀይ ሥጋ አለ። ቀዩ ሥጋ ደም በብዛት ይደርሰዋል፣ በኦክሲጅን ይሠራል፣ ቀኑን ሙሉ ቢሠራ አይደክመውም። ዓሣ ቀስ ብሎ ሲዋኝ የሚሠራው እሱ ነው። ነጩ ሥጋ ለፍጥነት ነው። ዓሣው ከጠላት ሲያመልጥ ወይም ፏፏቴ ሲዘል በነጩ ሥጋ ይወረወራል። በአንድ ሴኮንድ ውስጥ የራሱን ቁመት አሥር እጥፍ ያህል ሊሄድ ይችላል። ግን ግማሽ ደቂቃ እንኳ አይቆይም። ነጩ ሥጋ የሚሠራው በብድር ነዋ! ኦክሲጅኑን ሳይከፍል ይሠራና በኋላ ይከፍላል። ያን ዕዳ ከፍሎ ለመጨረስ ዓሣው አርፎ ሰዓታት ያስፈልጉታል። የሚከፍለውም በስንጥቡ በገባው ኦክሲጅን ነው። ውሃው ኦክሲጅን ከሌለው ዕዳው አይከፈልም። ዓሣው ቆሞ ይቀራል።

ይህን ሁሉ የነገርኋችሁ ስለ አንድ ጉዞ ለማውራት ነው።

ጣና ውስጥ ሦስት ዓይነት ዓሣ ገበያችን ይመጣል። ቆሮሶ፣ አምባዛና ነጭ ዓሣ። ቆሮሶ ከሐይቁ አይወጣም። ሴቷ ቆሮሶ እንቁላሏን በአፏ ይዛ ታሳድጋለች፤ ልጆቿ አፏ ውስጥ ሳሉ ምግብ አትቀምስም። አምባዛ ደግሞ ጥቁሩ፣ ጢማሙ ነው። እሱ ብልጥ ነው። ከስንጥቡ ሌላ አየር የሚተነፍስበት ተጨማሪ አካል አለው። ውሃው ኦክሲጅን ሲያጣ ብቅ ብሎ አየር ጎርሶ ይመለሳል። ሌላው ዓሣ በሚያልቅበት ጭቃማ ኩሬ ውስጥ አምባዛ የሚገኘው ለዚህ ነው።

ነጭ ዓሣ እንዲህ ያለ መላ የለውም። ነጭ ዓሣ የምንለው ደግሞ አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። ሊቃውንት ለይተው ሲቆጥሩት በጣና ብቻ የሚኖሩ ከ15 የማያንሱ ዓይነቶች ተገኝተዋል። አንዳንዱ ሌላ ዓሣ ይበላል፣ አንዳንዱ ቀንድ አውጣ፣ አንዳንዱ ሣር። ከጢስ ዓባይ በታች ያለው የዓባይ ዓሣ ወደ ጣና ሊወጣ አይችልም፤ ፏፏቴው 40 ሜትር ያህል ይወርዳል፤ ያን የሚዘል ዓሣ የለም። ስለዚህ የጣና ዓሦች ለብቻቸው ቀርተው በየመንገዳቸው ተለያዩ። ሩፔል የተባለ ጀርመናዊ ተጓዥ በ1825 ዓ.ም. ጎንደር ተቀምጦ ነበር። የጣናን ዓሦች ለዓለም መጻሕፍት ካስተዋወቁት አንዱ እሱ ነው። አንዷን ትንሽ ዓሣ እንዲያውም በደምቢያ ስም ጠርቷታል። ያቺ ዓሣ ከአገጯ ሥር መጣበቂያ አላት፤ በፈጣን ውሃ ውስጥ ድንጋይ ላይ ተለጥፋ ትቆማለች። ወንዝ የወረደ ልጅ ሁሉ ያውቃታል።

ከነጭ ዓሣ መካከል ብዙዎቹ ሐይቁ ውስጥ አይወልዱም። ክረምት ሲገባ፣ ወንዙ ሲሞላ፣ በየወንዙ አፍ ይሰበሰባሉ። ከዚያ ሽቅብ ይወጣሉ። በመገጭ፣ በድርማ፣ በርብ፣ በጉማራ። ዋናው ጊዜያቸው ነሐሴና መስከረም ነው። የሚፈልጉት ጠጠር ያለበት፣ ጥልቀት የሌለው፣ ጥርት ያለና የሚፈስ ውሃ ነው። ከትልቁ ወንዝ ወደ ትንንሾቹ ገባሮች የሚገቡት ለዚህ ነው። ለምን ይህን ያህል ይደክማሉ? ለእንቁላሉ ነው። እንቁላል ስንጥብ የለውም። ሄዶ የተሻለ ውሃ አይፈልግም። በጠጠሮቹ መካከል ተኝቶ ውሃው በላዩ ሲያልፍ ብቻ ነው ኦክሲጅን የሚያገኘው። በድንጋይ ላይ እየተጋጨ የሚወርድ ቀዝቃዛ ውሃ አየር ያፍሳል፤ ነጭ አረፋው ምስክር ነው። እናት ዓሣ ልጆቿን አየር ወዳለበት ነው የምትወስዳቸው።

ስትወጣ ተመልከቷት። ሆዷ እንቁላል ሞልቷል። በዝግታ ውሃ በቀዩ ሥጋዋ ትዋኛለች። ፈጣን ቦታ ስትደርስ በነጩ ትወረወራለች። ከዚያ ከድንጋይ ጀርባ፣ ውሃው ከሚዞርበት ትገባና ታርፋለች። ዕዳዋን ትከፍላለች። እንደገና ትወረወራለች። ድንጋዩ ለእሷ እንደ መንገደኛ ማደሪያ ነው። አሸዋና ጠጠር ከወንዝ እያወጡ የሚሸጡ ወጣቶች እንጀራቸው እንደ ሆነ አውቃለሁ። ግን ወንዙን እንደ ቦይ ለስላሳ ስናደርገው ማደሪያዋን ነሣናት። እንቁላሏን የምታኖርበት ጠጠርም አብሮ በመኪና ይሄዳል። ግድብ ሲሆን ደግሞ ጨርሶ በሩ ይዘጋል። በርብ ላይ ግድብ ተሠርቷል። ግድቡ ለእርሻ ይጠቅማል፤ ዓሣ ግን አይዘለውም።

አሁን የደጋው ሰው ይስማኝ። ከጎንደር በላይ ያለው ተራራ ተመንጥሮ፣ ቁልቁል ታርሶ፣ ሐምሌ ላይ ዝናብ ሲመታው አፈሩ የት ይሄዳል? ወደ አንገረብ፣ ወደ ቃሐ፣ ወደ መገጭ ይወርዳል። ሁለተኛውን አዲስ ቃላችንን ጻፉ፤ «ደለል»። ደ፣ ለ፣ ል። ደለል ማለት ውሃ አምጥቶ የሚያስቀምጠው አፈር ነው። በ1980ዎቹ ለጎንደር ከተማ መጠጥ ውሃ የተሠራው የአንገረብ ግድብ እንኳ በደለል ሆዱ እየጠበበ ነው የመጣው። የቀረው ደለል ደምቢያን አቋርጦ ጣና ይገባል።

ደለል ዓሣን በሦስት መንገድ ይጎዳዋል። ስንጥቡ ላይ ይለጠፋል። ዓሣ ያን ጊዜ ምን ያደርጋል? ይስላል! አትሳቁ፤ እውነት ነው። ውሃውን ወደ ኋላ መልሶ በመግፋት ስንጥቡን ያጥባል። ደጋግሞ ሲስል ለመዋኘት የያዘውን ጉልበት ይጨርሳል። አቧራ ቤት ውስጥ እህል ስታነፍሱ እንደምትሆኑት ማለት ነው። ደግሞ በዐይኑ አይቶ የሚያድነው ነጭ ዓሣ በድፍርስ ውሃ ውስጥ ምግቡን ያጣል። ሦስተኛው የከፋው ነው። ደለሉ በጠጠሮቹ መካከል ይሞላና እንቁላሉን ይቀብረዋል። በላዩ ወንዝ እየፈሰሰ እንቁላሉ ታፍኖ ይሞታል። እርከን የሠራ ገበሬ እርከኑን የሠራው ለጤፉ ነው፤ ሳያውቀው ግን በመገጭ ላሉ እንቁላሎች አየር ልኳል።

ከተሜውንም አልተውሁትም። የቃሐ ውሃ ከከተማው ወጥቶ መጨረሻው መገጭ ነው። በውስጡ የምንጥለው ቆሻሻ ሲበሰብስ የሚበላው ያንኑ ጥቂት ኦክሲጅን ነው።

እንግዲህ ወደ እኒያ አባት እንመለስ። «ውሃው ሞልቶ ሳለ ዓሣው ሲሞት አይቻለሁ» ያሉት በምን እንደ ሆነ ጠየቅኋቸው።

«በብርብራ» አሉኝ።

ብርብራ ዛፍ ነው። ፍሬውን አድርቀው ይወቅጡታል፤ ዱቄቱን ወንዝ ውስጥ ይበትኑታል። ዓሣው ይሰክራል ይባላል። ስካር አይደለም። በፍሬው ውስጥ ያለው መርዝ በስንጥቡ ይገባና ወደ ደሙ ያልፋል። ከዚያ ሥጋው ኦክሲጅኑን እንዳይጠቀምበት ያግደዋል። ውሃው ኦክሲጅን አለው። ስንጥቡ ይስባል። ደሙ ተሸክሞ ያደርሳል። ሥጋው ግን መብላት አይችልም። በሞላ ገበታ ፊት አፉ እንደ ተሰፋ ሰው ማለት ነው። መጀመሪያ ዋናው ይጠፋዋል፤ በጎኑ ይዞራል፤ ወደ ላይ ይንሳፈፋል።

ይህን ስናገር እኒያ አባት አዩኝና፣ «መምህር፣ አንተስ በልጅነትህ ብርብራ ወቅጠህ አታውቅም?» አሉኝ።

«ወቅጫለሁ» አልኋቸው። መዋሸት አልችልም ነበር። የአሥር ዓመት ልጅ ሳለሁ ከጓደኞቼ ጋር ወቅጬ በሰፈራችን ወንዝ በትኛለሁ። ጠዋት ነበር። ፀሐይ ሳትከር ዓሣው ነጭ ሆዱን እያሳየ መጣ። ትልልቆቹን ለቀምን። ብዙዎቹ እንቁላል የያዙ ነበሩ፤ እናቴ ሆዳቸውን ስትከፍት ወጣ። ትንንሾቹን ማን ይለቅማቸዋል? እንደ ገለባ ውሃው ወሰዳቸው። በቀጣዩ ክረምት ያንኑ ቦታ ሄድን። የሚለቀም ነገር አልነበረም። እኛም ዓሣው አገር የለወጠ መስሎን ተመለስን።

ክፍሉ ጸጥ አለ። ከዚያ አንዲት እናት፣ «እኛስ ስንቱን አድርገናል» አሉ። ሌላ የተናገረ የለም።

ዓሣው በጉዞው ላይ ሳለ መያዝ በጣም ቀላል ነው። ሁሉም በአንድ ሰሞን በወንዙ አፍ ይሰበሰባልና። በ1978 ዓ.ም. በጣና ላይ የሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ ሥራ ላይ መዋል ጀመረ። ከዚያ በፊት አጥማጁ የሚወጣው በደንገል ታንኳ ዳርቻ ዳርቻውን ነበር። ሊቃውንት ከ1983 እስከ 1993 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት ቆጥረው እንደ ደረሱበት፣ ወደ ወንዝ የሚወጣው ነጭ ዓሣ ከመቶ 75 እጁ ያህል ቀነሰ። ጫጩቱ ደግሞ ከመቶ 90 እጁ ያህል። ይህ ቁጥር እኔን አስደንግጦኛል። በፊሊፒንስ አገር ላናኦ የሚባል ሐይቅ አለ። እዚያም እንደ እኛ ነጭ ዓሣ ከአንድ ወገን የወጡ፣ በዚያ ሐይቅ ብቻ የሚኖሩ ብዙ ዓይነት ዓሦች ነበሩ። ከልክ በላይ ተጠመዱ፣ ከውጭ የመጣ ዓሣም ገባባቸው። ዛሬ አብዛኞቹ ጠፍተዋል። እንዲህ ያለ የነጭ ዓሣ ጎሣ በአንድ ሐይቅ ተሰብስቦ የቀረው በጣና ነው።

እምቦጭን ሳላነሣ ባልፍ የደምቢያ ሰው ይቀየመኛል። በ2004 ዓ.ም. ገደማ በመገጭ አፍ አካባቢ ታየ። ከዚያ በየዳርቻው ተነጠፈ። አበባው ያምራል፤ ሥራው ግን ክፉ ነው። ውሃውን እንደ ምንጣፍ ይሸፍነዋል። ፀሐይ አይገባም፣ ነፋስ ውሃውን አያማታውም። ፀሐይ ካልገባ በውሃው ውስጥ ኦክሲጅን የሚሠሩት ጥቃቅን ዕፅዋት አይሠሩም። ሲሞት ደግሞ ይበሰብሳል፤ ሲበሰብስ የቀረውን ኦክሲጅን ይበላል። ጎሕ ሲቀድ የምንጣፉ ሥር ከሁሉ የባሰ ነው፤ ሌሊቱን ሁሉ ኦክሲጅን ሲበላ እንጂ ሲሠራ አላደረምና። እኒያ አባት «አፉን ከፍቶ» ያሉት ይህ ነው። ቆሮሶ እንዲህ ሲቸግረው ወደ ላይ ይወጣና አፉን ከውሃው ፊት ጋር አስተካክሎ ይከፍታል። አየሩን የሚነካው ያ ስስ የላይኛው ውሃ ትንሽ ኦክሲጅን አለዋ። ልመና ላይ ነው ማለት ይቻላል። ደክሞት ስለማይሸሽ በዚያ ሰዓት ወፍም ሰውም በቀላሉ ይይዘዋል። «ዛሬ ዓሣው ለመደን» ብሎ የተደሰተ አጥማጅ አውቃለሁ።

እምቦጩን የደምቢያ ገበሬ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ነቅሎታል፣ ከሌላ አገር የመጣም ሰው ነቅሎታል። ወደ ዳር አውጥቶ ማድረቅና ማቃጠል ከባድ ሥራ ነው። ነቅሎ እዚያው ውሃ ዳር መተው ግን ዋጋ የለውም፤ ቁራጩ እንደገና ይበቅላል። የበሰበሰውም መልሶ ይገባል።

ሰዓታችን ደረሰ። እስከ ሚቀጥለው ትምህርት ሦስት ሥራ ልስጣችሁ። «ስንጥብ» እና «ደለል» የሚሉትን ቃላት አምስት አምስት ጊዜ ጻፉ። ውሃ ስትጥዱ ልጆቻችሁን ጠርታችሁ አረፋውን አሳዩአቸው፤ ከየት እንደ መጣም ንገሯቸው። ከወንዝ አጠገብ ያላችሁ ደግሞ አንድ ጠርሙስ ውሃ ቀድታችሁ እስከ ነገ ሳትነኩት አስቀምጡ። ጠዋት ከጠርሙሱ ሥር ስንት ጣት ደለል እንደ ተኛ ለኩና በደብተራችሁ ጻፉት። በሐምሌ ለክታችሁ፣ በመስከረም መልሳችሁ ብትለኩ የበለጠ ጥሩ ነው።

ሰሌዳው ላይ የጻፍሁትን ዐረፍተ ነገር ያን ቀን አላጠፋሁትም። እኒያ አባት ጠመኔውን ተቀብለውኝ ከሥሩ አንድ መስመር ጨመሩ። እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር፤ «ሞ» የሚለውን ፊደል ሁለት ጊዜ ጻፉት። «ዓሣ በውሃ ውስጥ ይሞሞታል» ይላል። አላረምሁትም። ሌሎቹ አንብበውት ራሳቸው አረሙት።

ደህና እደሩ።